የአውራው ጭነት

ቀትር ላይ ሳይረኑ ሲጮህ ስንዱ ታፈረ መቀሷን አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባችና እቶኑን አበራች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የብረት ሳጥን መጀመሪያ ጠቅ ጠቅ አለ፤ ቀጥሎ ቀላ፤ ከዚያ ቤቱን ያጋየው ጀመር። ወሩ ሚያዝያ፣ አገሩ ቆላ ነው። በዚህ ሰዓት የቆላበር ውሾች እንኳ ጥላ ፈልገው ይዘረጋሉ። ሰዎቹ ግን ቤታቸው ገብተው ማሞቂያ ያበራሉ።

ሳይረኑ ከመጮሁ በፊት ሕፃናት ወደ ውጭ ይወጣሉ። ቅቤ፣ ሻማና መድኃኒት በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይወጣል። አንድ አዋቂ ሰው ግን የግድ ውስጥ መቅረት አለበት፤ ባዶ ቤት ውስጥ የተተዉ እቶኖች አንድ ሰፈር ካቃጠሉ በኋላ የወጣ ደንብ ነው። የቀረው ሰው እግሩን ውሃ ሳፋ ውስጥ ነክሮ፣ ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ፣ ሁለተኛው ሳይረን እስኪጮህ ይቀመጣል። አንዳንዱ ሬዲዮ ይሰማል። ሬዲዮው በዚያ ሰዓት የሚያስተላልፈው ስለ ተሳትፎ ነው።

ይህ ሁሉ ለአውራው ነው። አውራው ከከተማው በላይ ባለው ግድብ ሥር፣ ተራራ ተፈልፍሎ የተተከለ ጄኔሬተር ነው። በአህጉሩ እሱን የሚያህል የለም፤ መዝሙር አለው፤ የቆላበር ልጅ ፊደል ሳይለይ መዝሙሩን ይለያል። መዝሙሩ የማያነሳው ነገር ቢኖር አውራው በግማሽ ኃይሉ ሲሠራ እንደ ወባ በሽተኛ የሚንቀጠቀጥ መሆኑን ነው። ጠግቦ ሲጫን ጸጥ ይላል። ቀትር ላይ ግን የአገሩ ጣሪያ ሁሉ በተተከለበት የፀሐይ ሰሌዳ ስለሚጠግብ የአውራውን ኃይል የሚፈልግ ይጠፋል። አጥፍቶ ማስነሳትም አይሆንም፤ በቆመና በተነሳ ቁጥር የሆነ ቦታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ኃይሉን የሚፈልግ ሰው ከሌለ የሚያቃጥልለት ሰው መኖር አለበት። ቆላበር የተመረጠችው ቅርብ ስለሆነች ነው።

እቶኖቹን ከአንድ ቦታ ሆኖ በአንድ ቁልፍ ማብራት ይቻል ነበር። ሰው በገዛ እጁ እንዲያበራ ተወሰነ። መንግሥት በዓመቱ ንግግር ላይ የሚጠቅሰው ተሳትፎ ይህ ነው።

ስንዱ ልብስ ሰፊ ናት። ባል የላትም፤ የምትኖረው ከአባቷ ከአቶ ታፈረ ጋር ነው። አቶ ታፈረ ዕድሜያቸውን አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ዘንድ የመጡ ሰው ናቸው። ከዓመት ወዲህ ልባቸው ደክሟል። የጤና ጣቢያው ሐኪም ከሙቀት እንዲርቁ ነግሯቸዋል። ይህን ሲናገር ቀና ብሎ አላያቸውም፤ የሱም ግድግዳ ላይ እቶን ተሰቅሏል።

ውጭ ባለው የኒም ዛፍ ሥር ያለው ሙቀት ቤት ውስጥ ካለው ብዙም አይሻልም። የዚያን ቀን ስንዱ ከሁለተኛው ሳይረን በኋላ ስትወጣ አባቷ ዛፉን ተደግፈው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ቃል ማውጣት አቅቷቸው አገኘቻቸው። ውሃ አፈሰሰችባቸው። ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሞተሩ ጋለ» አሉ።

«አታውራ አባዬ። ዝም ብለህ ተንፍስ።»

በማግስቱ ወደ ደምሰው ሄደች። ደምሰው የሰፈሩ ጭነት ተቆጣጣሪ ነው። ልጆች ሳሉ አንድ ክፍል ተምረዋል፤ ያኔም የክፍል አለቃ ነበር፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የረባሽ ስም የሚጽፈው እሱ ነበር። አሁን የሚጽፈው እቶኑን አዘግይቶ ያበራውን ነው።

«የኔ ቤት ይቅር» አለችው። «ለአባዬ ስል ነው። አንድ ቤት ምን ያጎድላል?»

«ስንዱዬ፣ ሁሉም ሰው አንድ ቤት ነው ያለው» አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከሥልጠና ነው ያመጣው።

«እንግዲያው ከተማውን ልልቀቅ።»

«ጭነትሽን ማን ይረከባል?»

እንዲህ ነው ደንቡ። ከቆላበር የሚወጣ ቤተሰብ እቶኑን የሚረከብ ሌላ ቤተሰብ ማምጣት አለበት። ወደ ቆላበር የሚመጣ ሰው ከጠፋ ደግሞ ቆይቷል።

«እኔ አልችልም» አለ ደምሰው፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለበዓሉ ዶክተር ኢንጂነር ልዑልሰገድ ይመጣሉ። እሳቸው አንድ ቃል ከተናገሩ ያልቃል። ደግሞ ልብስ ሰፊ ይፈለጋል ብለዋል።»

ልዑልሰገድ የአውራው ነዳፊ ነው። የአውራው ሃያኛ ዓመት ሊከበር ነበርና በግድቡ እንግዳ ማረፊያ አርፏል። አውራው ሲመረቅ የተሸለመውን ካባ ይዞ መጥቷል፤ ካባው ግን ሃያ ዓመት ሙሉ የበላውን ሰው አልከበው አለ። ስንዱ የተጠራችው ለዚህ ነው።

እንግዳ ማረፊያው ስትገባ ብርድ መታት። ጣቶቿ እስኪሳሰሩ ድረስ ይቀዘቅዛል። እዚያ እቶን የለም። ልዑልሰገድ መስታወት ፊት እጁን ዘርግቶ ቆመላትና ትከሻውን ትለካ ጀመር። ሰውየው ጨዋ ነው፤ አይቆጣም፤ ጥያቄ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ንቀት ያለበት ሰው ሁሉ አይጮህም።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ።»

«አውራው ለምን ብቻውን ሆነ? ትንንሽ አድርጎ ብዙ መሥራት አይቻልም ነበር?»

ልዑልሰገድ ሳቀ። «አንቺ ልጅ ጎበዝ ነሽ። ስምንት ነበሩ።»

«ምኖቹ?»

«ጄኔሬተሮቹ። የመጀመሪያው ንድፍ ላይ ስምንት ነበሩ። እኔ ራሴ ነኝ የሳልኳቸው። ቀትር ላይ ፈላጊ ሲጠፋ አምስቱን ታቆሚና ሦስቱን ሙሉ ጭነት ትሰጫቸዋለሽ፤ አንዱም አይንቀጠቀጥም። አንዱ ሲታመም ሰባቱ ይሠራሉ። እጅጌውን ትንሽ ሰፋ አድርጊው፣ ንግግር ላይ እጄን አነሳለሁ።»

ስንዱ መርፌውን ከአፏ አወጣች። «ታዲያ?»

«ታዲያ አንድ ትልቅ ሰው ንድፉን ሊያዩ መጡ። ከእነዚህ ውስጥ በአህጉሩ አንደኛ የሆነው የትኛው ነው አሉ። የለም። ስምንት መካከለኛ ነገር ማን ፎቶ ያነሳዋል?» ትከሻውን ነቀነቀ። «ስምንቱን ወደ አንድ ጠቀለልነው።»

«እንደሚንቀጠቀጥ አያውቁም ነበር?»

«ኧረ በደንብ። እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ሁሉ ያውቃል። ሕዝቡ ይሸከመዋል ተባለ፤ ይኸው ተሸከመ።» ይህን ሲናገር ድምፁ ውስጥ ምስጋና ነበረበት፤ በቅሎን ሲያመሰግኑ እንደሚሰማው ዓይነት።

ስንዱ ስለ አባቷ ነገረችው። እስኪጨርሱለት እንደሚጠብቅ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ሰማት።

«ቀላል ነው። እቶኑ ነገ ይነሳልሻል። ለደምስ ነው ያልሽኝ?»

«ደምሰው።»

«እነግረዋለሁ።» ከጠረጴዛው ላይ ሁለት የጥሪ ካርድ አንስቶ ሰጣት። «አባትሽን ይዘሽ ነይ። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፤ ማሽኑ ሙቀት አይወድም።»

በማግስቱ ማንም አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን። ደምሰው «የተባልኩት ነገር የለም» አለ፤ ውሸት አልነበረም። ስንዱ እንግዳ ማረፊያው በር ድረስ ሄዳ ካባውን አስረከበች፤ የተቀበላት ዘበኛ ነው። ልዑልሰገድ በመስኮት አያትና እጁን አውለበለበላት። ማን እንደሆነች የሚያስታውስ አይመስልም ነበር።

በዚያ ቀን እቶኑን አላበራችም። አባቷን በቀዝቃዛው ግድግዳ በኩል አስተኝታ፣ በሩን ዘግታ፣ አጠገባቸው ተቀመጠች። አውራው አልፈነዳም። መብራት አልጠፋም። ትንሽ ቆይቶ ደምሰው ከሁለት ጎረምሶች ጋር መጣ። አንዱ ጎረምሳ ማብሪያውን ወደ ላይ ገፋው፤ ሌላው እስከ ሁለተኛው ሳይረን እንዳይጠፋ በሽቦ አሰረው። ሲወጡ ደምሰው ወደ አልጋው ዞር አለ።

«ጋሼ ታፈረ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ውጣና በሩን ክፍት ተወው» አሉ አቶ ታፈረ።

የበዓሉ ዝግጅት ኮሚቴ ሁለት ትእዛዝ አወጣ። አንደኛው፣ በበዓሉ ቀን የቆላበር ነዋሪ በሙሉ፣ አዋቂ ሕፃን ሳይባል፣ ረፋድ ላይ ወጥቶ በግድቡ መንገድ ግራና ቀኝ እንዲሰለፍና እንግዶቹን እንዲቀበል፣ እስከ በዓሉ ፍጻሜም ቦታውን እንዳይለቅ ነው። ሁለተኛው የቆየው ደንብ ነው፤ ሰው በሌለበት ቤት እቶን እንዳይበራ። ሳይረኑ የሚጮኸው ደግሞ ቀትር ላይ ነው።

ይህን ያስተዋለ ሰው አልጠፋም። ደምሰው ራሱ አስተውሎ ወደ ቀበሌው ሄደ፤ ቀበሌው ወደ ከተማው ላከው፤ ከተማው ኮሚቴውን ጠየቀ። የመጣው መልስ «ሁለቱም ይከበሩ» የሚል ነበር። ደምሰው ይህን ለሰፈሩ ሰው ሲያነብ ፊቱ ላይ አንድም ነገር አልታየም። ሰውም አልጠየቀም። እንዲህ ያለ መልስ የለመደ ሕዝብ ጫማውን ይወለውላል፣ ይወጣል።

በበዓሉ ቀን ስንዱ አባቷን በባጃጅ ጭና በተሰለፈው ሕዝብ መካከል ወደ አዳራሹ ወጣች። ካርዱን ያየ ጠባቂ ሰላምታ ሰጣቸው። ልዑልሰገድ ያለው እውነት ነው፤ አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው። ወለሉ እብነ በረድ፣ ጣሪያው ባለ ሥዕል ነው፤ መካከል ላይ የአውራው ራስ ከወለሉ ብቅ ብሎ በወርቃማ ቀለም ያበራል። አቶ ታፈረ ወንበር ላይ ተቀምጠው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። ከብዙ ወራት በኋላ ከንፈራቸው የሰው ከንፈር መሰለ።

«ይሄ ሁሉ ብርድ እዚህ ነበር?» አሉ።

ወንበራቸው ከልዑልሰገድ ጀርባ ነበር። ካባው በልኩ ተቀምጦለታል። የክብር እንግዳው ንግግር ሲጀምር ከተማው ላይ ሳይረኑ ጮኸ፤ አዳራሹ ውስጥ የትንኝ ድምፅ ያህል ነው የተሰማው። መንገድ ላይ የቆመው ሕዝብ ወደ ቤቱ አየ፤ ከዚያ ወደ ጠባቂዎቹ አየ፤ ከዚያ ባለበት ቆመ።

መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው በእንግዶቹ ጠረጴዛ ላይ ያለው ውሃ ነው። ቀጥሎ ስንዱ በጫማዋ ሥር አንድ ነገር ሲነዝር ተሰማት። ከቁጥጥር ክፍሉ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ መጥታ ልዑልሰገድ ጆሮ ሥር ተንበረከከች።

«ዶክተር፣ ጭነቱ ወርዷል። ላቁመው?»

«አሁን? እየተናገሩ?»

«ኩሽኔታው ግሏል። ዛሬ ያለ እርስዎ ፈቃድ እንዳንነካው ተብለናል።»

ልዑልሰገድ ወደ መድረኩ አየ። የክብር እንግዳው ገና ስለ ሕዝቡ ትዕግሥት እየተናገረ ነበር። ካሜራዎቹ ሁሉ ወደዚያ ዞረዋል።

«ይጨርሱ» አለ።

«አይጠብቅም እኮ።»

«ይጨርሱ አልኩሽ። ሲጨርሱ እጄን አነሳልሻለሁ።»

ሴትዮዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። በቁጥጥር ክፍሉ የመስታወት ግድግዳ በኩል ለስንዱ ትታያለች፤ እጇን ቁልፉ ላይ አድርጋ የልዑልሰገድን እጅ ትጠብቃለች። ወለሉ አሁን በግልጽ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንግዶቹ ወንበራቸውን ያዝ አደረጉ፤ አንዳንዶቹ የዝግጅቱ አካል መስሏቸው ፈገግ አሉ። የክብር እንግዳው አንድ ገጽ ገለጠ።

«አባዬ፣ ተነሳ» አለች ስንዱ።

«ገና አሁን ቀዘቀዘልኝ።»

«ተነሳ።»

አውራው የተሰበረው ደረጃው አጠገብ ሲደርሱ ነው። ድምፁ ብረት ድንጋይ ሲያኝክ ይመስል ነበር። ወርቃማው ራስ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ተነቀነቀ፤ ጭስ ከሥሩ ወጣ፤ መብራቱ በሙሉ ጠፋ። አዳራሹ አንድ ደረጃ ብቻ ነው ያለው፤ ለፎቶ እንዲያምር ሰፊ ተደርጎ የተሠራ። ሁለተኛ መውጫ ንድፉን ያበላሻል ተብሎ ነበር። ስንዱ አባቷን አዘለች። ከኋላ እየገፉ የሚያልፏት ሰዎች ሽቶ ሽቶ ይሸታሉ። ካባ የለበሰ ሰው ትከሻዋን ጨብጦ ወደ ጎን አስጠጋትና ቀድሟት ወጣ።

የሞተ ሰው የለም። ይህ በኋላ በወጣው ዘገባ የዲዛይኑ ጥንካሬ ምስክር ተብሎ ተጠቅሷል።

አውራው አንድ ስለነበረ አገሩ በምሽት ጨለማ ሆነ። ጥገናው ቀላል እንዳልሆነ የታወቀው ወዲያው ነው። የተሰበረውን ክፍል በክሬን ማውጣት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ተብሎ በመጀመሪያው ንድፍ ጣሪያው ላይ ክፍተት ተትቶ ነበር። ክፍተቱ ላይ ግን ባለ ፏፏቴ አደባባይ ተሠርቶበታል። አደባባዩን ለማፍረስ ደግሞ አደባባዩን ያሠራው መሥሪያ ቤት መፍቀድ አለበት።

አጣሪ ኮሚቴ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተቀመጠ። ልዑልሰገድ በቴክኒክ አማካሪነት ከመካከላቸው ነበር። የቁጥጥር ክፍሏ ሴት ሥልጠና ላይ ናት ተባለ። ስንዱ ሳትጠራ ሄዳ እጇን አወጣች፤ የሰማችውንም ነገረቻቸው።

ሰብሳቢው በትሕትና አዳመጣት። «የቴክኒክ ዕውቀት አለዎት?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«እንግዲያው የሰሙትን በትክክል ተረድተውት ላይሆን ይችላል።»

«‹ይጨርሱ› የሚለውን ቃል ለመረዳት ስንት ዓመት ነው የሚማሩት?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳል አስመሰለው። ስንዱ ወደ ልዑልሰገድ ዞረች። አፍሮ እንደሆነ ልታይ ፈልጋ ነበር። አላፈረም። ያን ቀን መስታወት ፊት እንዳደረገው ራሱን እየነቀነቀ፣ እስኪጨርሱለት እንደሚጠብቅ ሰው ያያታል። እስከዚያ ቅጽበት ድረስ ልቧ ውስጥ የቀረ ትንሽ ፍርሃት ነበር፤ የተማሩ ናቸው፣ እኛ የማናየውን ያያሉ የሚል። እዚያ ቆማ ሳለች ፍርሃቱ ለቀቃት። በቦታው የገባው ነገር ጥላቻ እንኳ አልነበረም፤ ጥላቻ ክብር ይፈልጋል።

ውሳኔው በሬዲዮ ተነገረ። ጥፋቱ የነዋሪው የዲሲፕሊን ጉድለት ነው፤ በዕለቱ እቶኑን ያበራ ቤት አልነበረም። ለወደፊቱም ከአውራው የሚበልጥ ሁለተኛ አውራ፣ ለየቤቱም ኃይሉ ከፍ ያለ እቶን እንዲተከል ሐሳብ ቀርቧል።

ስንዱ የልብስ ስፌት መኪናዋን፣ የአባቷን ፍራሽና ሁለት ሻንጣ በጭነት መኪና አስጫነች። ከከተማው መውጫ ላይ ደምሰው ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል።

«ጭነትሽን ሳታስረክቢ መውጣት አይቻልም» አለ።

«የታለ ጭነቱ?»

«ሲጠገን ይኖራል።»

«ሲጠገን አስጠራኝ።»

ደምሰው መንገዱ መካከል ቆየ። ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። አቶ ታፈረ በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ ድሮ አውቶቡሳቸው ፊት የቆመ ሰው ሲያዩ እንደሚሉት፣ «ልጄ፣ ጥግህን ያዝ» አሉት። ደምሰው ጥጉን ያዘ።

ቀርጨም የምትባል ትንሽ የደጋ ከተማ ገቡ። ስንዱ ቤት ስታፈላልግ አቶ ታፈረ መንደሩን ይዞሩ ጀመር፤ ብርዱ እግር ሰጥቷቸዋል። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀትር ላይ መጥተው ጎተቷት።

«ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

ከከተማው በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ቆርቆሮ ቤት አለ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ከወገብ የማይበልጡ ሦስት ማሽኖች ተደርድረዋል። ሁለቱ እያጉረመረሙ ይሠራሉ። ሦስተኛው ተበታትኗል፤ ብሎኑም፣ ኩሽኔታውም፣ ዘንጉም ወለሉ ላይ በተነጠፈ ሸራ ላይ ተሰጥቷል። አጠገቡ አንዲት ወጣት ሴት በዘይት በጠቆረ ቱታ ተቀምጣ ምሳዋን ትበላለች። ራሷ ላይ አምፖል ይበራል።

«ግቡ» አለች። «እንብላ።»

«ብሉ፣ ይብዛ» አሉ አቶ ታፈረ። የተበታተነውን ማሽን በጣታቸው አሳዩ። «ይሄ መቼ ይነሳል?»

«ኩሽኔታው ሲመጣ። ከሳምንት በኋላ ይሆናል። ሁለት ሳምንትም ሊሆን ይችላል።» አልቸኮለችም።

«እስከዚያስ?»

ልጅቱ ጥያቄው አልገባትም። በአገጭዋ ወደሚሠሩት ሁለቱ አመለከተችና ጉርሻዋን ቀጠለች።

አቶ ታፈረ አምፖሉን አዩ፤ ሸራው ላይ የተሰጣውን ብረት አዩ፤ እንደገና አምፖሉን አዩ። ከዚያ ድምፅ የሌለው ሳቅ ትከሻቸውን ይንጠው ጀመር፤ ዓይናቸው እንባ እስኪሞላ ሳቁ፤ ስንዱ ልባቸውን ፈርታ ክንዳቸውን ያዘች።

«ይሄን አያውቁም ነበር በይኝ» አሉ ትንፋሽ ሲያገኙ። «እባክሽ፣ አያውቁም ነበር በይኝ።»

«ያውቁ ነበር፣ አባዬ።»

ሳቃቸው ቆመ። ወደ ውጭ ወጥተው ወደ ቆላው ዞረው እንትፍ አሉ፤ አፋቸውንም በእጃቸው ጀርባ ጠርገው ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት ቀስ እያሉ ይወጡ ጀመር።